ባሕሬን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች

መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨቱን ነው።

ፎጣ ላመጣ ለአፍታ ዞር ብዬ ነበር። ስመለስ እማማ የእጅ መታጠቢያውን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፈው፣ ውኃ ሞልተው፣ ፊታቸውን እስከ ጆሯቸው ነክረዋል። ነጭ ፀጉራቸው ውኃው ላይ ተዘርግቷል። «እማማ!» ብዬ ትከሻቸውን ልይዝ ስል ራሳቸው ቀና አሉና ከከንፈራቸው መሃል ረዘም ያለ፣ ወፈር ያለ ፉጨት ወጣ። አስም የተነሣባቸው መስሎኝ ክው አልኩ። እሳቸው ግን ውኃው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ በመስተዋቱ ውስጥ ያዩኛል፤ ጥርስ የሌለው ድዳቸው እስኪታይ ይስቃሉ።

እኔ ባደግሁበት ቤት ሴት ልጅ አታፏጭም። ቤት ውስጥ ማፏጨትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ወንድሞቼ እንኳ ሲሞክራቸው እናቴ «ማንን ልትጠሩብን ነው?» ትልና በእግሯ ያለውን ጫማ ትወረውርባቸው ነበር። ስለዚህ ድንጋጤዬ ሲያልፍልኝ ተቆጣሁ። «እማማ፣ ቤት ውስጥ አይፏጭም። ማንን ሊጠሩብን ነው?» አልኳቸው፣ በአማርኛ። እሳቸውም በኮሪያኛ መለሱልኝ፤ ደግሞ ረጅም መልስ። ሁለታችንም በደንብ የተግባባን ይመስል ፀጉራቸውን ወደ ማድረቁ ሄድን።

እማማ የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ ስማቸው ሌላ ነው። እሳቸውን ልንከባከብ ተቀጥሬ ሥራ በጀመርኩበት ቀን ልጃቸው በሩን ከፍታልኝ ወደ ላይ «ኦማ!» ብላ ስትጣራ፣ «እማ» ያለች መስሎኝ የሀበሻ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ለካ በእነሱም ቋንቋ እናት ኦማ ናት። ከዚያ ወዲህ እኔ እማማ አልኳቸው፤ እሳቸውም ስማቸው እንደሆነ ሁሉ ቀና ብለው ያዩኛል። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ትከሻቸው ግን ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ትከሻ ነው። ከኮሪያ በስተደቡብ ባለች ደሴት ተወልደው፣ ያለ ምንም የአየር መሣሪያ በትንፋሻቸው ብቻ ባሕር ጠልቀው ዛጎልና የባሕር ቅጠል ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነበር። ውኃ አጠገብ ለብቻቸው እንዳይቀሩ።

ትእዛዙ የልጃቸው ነው። ልጃቸው እኩያዬ ናት ማለት ይቻላል፤ ስድሳን የተጠጋች፣ መሃል ከተማ ቢሮ የምትሠራ፣ ከእናቷ በቀር በዚህ አገር ማንም የሌላት። እኔ ከመቀጠሬ በፊት አንድ ቀን ከሥራ ስትገባ እናቷን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አገኘቻቸው። ውኃው ከላያቸው ነው፤ ዓይናቸው ክፍት ነው። ጮኻ ጎትታ አወጣቻቸው። በሌላ ሳምንት እንደገና። ከዚያ የገንዳውን ውታፍ፣ ያቺን ጥቁር ጎማ፣ ከሰንሰለቷ አላቅቃ በቦርሳዋ ይዛት መሄድ ጀመረች።

«እናቴ መሞት ትፈልጋለች» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ። የአረጋውያን መኖሪያ አመልክታላቸው ነበር፤ ሌት ተቀን ሰው የሚጠብቅበት፣ ገንዳ የሌለበት። ክፍል ሲለቀቅ ይደውላሉ፤ ሲደውሉ እማማ ይሄዳሉ። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ብዙ ቀን ብቻዋን አልቅሳ የጨረሰች ሰው ፊት ነበራት።

እኔም ብሆን ውታፏን እወስድ ነበር። ምጽዋ ተወልጄ፣ በአማርኛ ተምሬ፣ ዕድሜዬን ባሕር በሌለበት በዚህ ሜዳ ላይ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ዋና ግን አልችልም። በእኛ ሰፈር ባሕር የወንድ ነበር። ከደሴቶቹ የሚመጡ ሉል ጠላቂዎች ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነው ጥላ ሥር ሲያንቀላፉ አያለሁ። ለእኛ ለሴቶቹ የተፈቀደልን ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ትለን ነበር እናቴ። ቁርጭምጭሚቴን እያስነካሁ ሳድግ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ሞት አድርጌ አሰብኩት።

ያ ዊንተር ረጅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከፎረስት ሎን ተነሥቼ አውቶብስ እየቀያየርኩ እነ እማማ ያሉበት ሳቫና ስደርስ ሰፈሩ ገና አልነቃም። ጣራው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጋራዡ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ በረዶው ሁሉንም ደፍኖት። እማማን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ቁርስ ካበላሁ በኋላ መስኮቱ ዳር ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የማሞቂያው ድምፅ ከወለሉ ሥር ያጉረመርማል። በረዶው ሳይቸኩል ይወርዳል፤ ብርሃኑ ግራጫና አረንጓዴ ተቀላቅሎበት ከላይ ሳይሆን ከጎን የሚመጣ ይመስላል። ልጃቸው አንድ ጊዜ ይህ አገር በሙሉ በጥንት ዘመን ባሕር ነበር ብላኝ ነበር፤ ድንጋዩ ሲፈለጥ ዛጎል ይገኝበታል አሉ። እሱን ካወቅሁ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ ቤቶቹ ከውኃ በታች ያሉ ይመስለኝ ጀመር። የምጽዋ ዓሦች በጎረቤት ጋራዥ በር ላይ ቀስ ብለው ያልፋሉ፤ የፖስታ ሳጥኑን ይዞሩታል። ብንን ስል እማማ ሳይተኙ እጃቸውን በአየሩ ላይ ቀስ አድርገው ሲያንቀሳቅሱ አያለሁ፤ የሆነ ነገር ከድንጋይ ላይ እያላቀቁ። አንዳንዴ የትኛው ሕልም የማን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ልጃቸው ስልኬ ላይ የሚተረጉም ነገር ጫነችልኝ። እማማ ይናገሩበታል፤ ስልኩ በአማርኛ ይመልሳል። ችግሩ እማማ የሚናገሩት የደሴታቸውን ኮሪያኛ ነው። የዋናው ምድር ሰው እንኳ ግማሹን አይሰማውም አለችኝ ልጃቸው፤ እንግዲህ ምስኪኑ ስልክ ምን ያድርግ? «እማማ፣ ሾርባው ጨው በዛበት?» ብዬ ስጠይቅ «ንፋሱ ትናንት አገባ» ይለኛል። «ካልሲ ልቀይርልዎ?» ስል «አክስትሽ ጥሩ ድንጋይ ናት» ይላል። እሳቸውም የኔን አማርኛ በኮሪያኛ ሲሰሙ ምን ይባሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ፤ ትን እስኪላቸው ይስቁ ነበር።

አንድ ጠዋት ልጃቸው መኪናዋን አስነሥታ ስትወጣ በመስኮት አዩአትና አንድ ነገር ተናገሩ። ስልኩ በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ፣ «ልጄ ባሕሬን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች» አለ።

ሳቅሁ። ይሄም ከስልኩ ቅዠቶች አንዱ መስሎኝ ነው። እማማ ግን አልሳቁም። በሁለት ጣታቸው ከወለል ላይ አንድ ትንሽ ነገር ነቀሉ፤ የማይታይ ቦርሳ ከፈቱ፤ ከተቱት፤ ዘጉት። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ አመለከቱኝ። ስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተሳሳተም።

ቅዳሜ ልጃቸው ቤት ስለምትውል ሥራዬ ግማሽ ቀን ነው። ልወጣ ስል ግን የተቆላ ገብስ አፍልታ በኩባያ አቀረበችልኝ፤ ሻያቸው እሱ ነው፤ ሽታው የቆሎ ሽታ ነው። እዚያ ቁጭ እንዳልን ስለ ፉጨቱ አነሣሁባት። «ምን ፉጨት? እናቴ አታፏጭም» አለችኝ። እሷ የተወለደችው እናቷ ባሕሩን ትተው መሃል አገር ካገቡ በኋላ ነው። አንድም ቀን ሲጠልቁ አላየቻቸውም። ዞር ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ኩባያቸውን አስቀመጡና ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ተናገሩ፤ ልጅቷም ለኔ በእንግሊዝኛ ታስተረጉማለች፤ አንዳንዱን እሷም ገና መስማቷ ስለነበር መሃል ላይ ቀጥ ትላለች።

ፉጨቱ የትንፋሽ ነው አሉ። አንዲት ጠላቂ ትንፋሿ እስኪያልቅ ከታች ቆይታ ስትወጣ፣ ያቺ የታመቀች ትንፋሽ ስትለቀቅ ራሷ ታፏጫለች። የእያንዳንዷ ሴት ፉጨት ለየብቻ ነው። የባሕሩ ዳር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ማን እንደወጣች፣ ማን እንዳልወጣች በፉጨት ያውቃል። በውኃው ላይ ደግሞ የእያንዳንዷ ቅል ይንሳፈፋል። ደረቅ ቅል፣ ከሥሩ መረብ የታሰረበት። ስትወጣ ደረቷን በእሱ ላይ አስደግፋ ታርፋለች፤ ስትጠልቅ ደግሞ ቅሉ «እዚህ ነኝ» ይልላታል።

እማማ ልጅ ሳሉ አገሩ በጃፓኖች እጅ ነበር። ትምህርት ቤት በቋንቋቸው ቢናገሩ ይገረፋሉ፤ ስማቸውንም ለውጠው ሌላ ስም ሰጥተዋቸዋል። እናታቸው ከባሕር የለቀሙትን ሚዛን የያዘ ሰው ዳር ቆሞ ይቀበላቸውና የሚተርፋቸው ለአንድ ድስት አይሞላም። «ከውኃ በታች ግን ማንም ስሜን አልጠራም። ስለዚህ ማንም አልለወጠውም» አሉ። ቤት በአንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ ማደግን ስለማውቀው ራሴን ነቀነቅሁ። ጃፓኖቹ ሲወጡ ሰላም ይሆናል ተብሎ ነበር፤ የመጣው ግን የገዛ ወገን ጠመንጃ ነው። ተራራው ላይ ያሉት መንደሮች ተቃጠሉ። አባታቸው አንድ ጠዋት ከማሳ እንደተወሰዱ ቀሩ። ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ጦርነት መጣና እማማና ታላቅ እህታቸው ለታናናሾቻቸው የሚበላ ፍለጋ በጀልባ ወደ ዋናው ምድር ዳርቻ ተሻገሩ። መርከቦች በላያቸው ሲያልፉ እነሱ ከሥር ዛጎል ይለቅሙ ነበር።

«የማን መርከቦች?» አልኩ።

ልጅቷ አስተረጎመችልኝ። «ከታች ሲያዩት ሁሉም መርከብ ጥቁር ሆድ ነው ትላለች። የጃፓኑም፣ የአሜሪካኑም፣ የእኛም። ፀሐይን ይጋርዳል፤ ዓሣውን ያባርራል፤ ያልፋል።»

ከዚያ ስለ እህታቸው ተናገሩ። እህትየው ወጥታ አፏጨች፤ ቅሏ ላይ ደረቷን አስደገፈች፤ «ትልቅ አየሁ፣ ከድንጋዩ ላይ ግማሹን አላቅቄዋለሁ» አለች። ትንፋሿን ሳትሞላ ተመልሳ ወረደች። እማማ በሁለት ቅሎች መሃል ሆነው ጠበቁ። ፉጨቷ አልመጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ያቺ ልጅ ብብቷ ውስጥም የነበረ ምንም ነገር የለም፤ ቤት የቀሩት ሕፃናት ነው የራባቸው።

ልጅቷ አክስት እንደነበራትና በጦርነቱ እንደሞተች ነበር የምታውቀው፤ እንዴት እንደሆነ አታውቅም። ለእኔ ብቻ፣ «አሁን ገባሽ? ወደ እሷ ነው መሄድ የፈለገችው» አለችኝ። እኔም ያን ቀን እውነቷን ነው ብዬ አመንኩ።

እማማ ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚህ አገር ቅል አለ ወይ?

ነበር። ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ካሉት የእኛ ሱቆች በአንዱ፣ ከበርበሬው መደርደሪያ በላይ፣ አንድ ያማረ ቅል ለጌጥ ተሰቅሎ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ባለሱቁ ሸምገል ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቅል ያውሱኝ።»

«ምን ልትሠሪበት? ቅቤ ልትንጪ?»

«አንዲት ክላየንት አሉኝ። የኮሪያ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ነው።»

«ኮሪያ! ታዲያ የኛን ወታደሮች አይተዋል? እስቲ አስክ አድርጊልኝ።»

«አላዩም። ውኃ ውስጥ ነበሩ፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና የሱቁን ሥራ ትተው መሰላል አመጡ። ቅሉን አቧራውን እየጠረጉ፣ «ይሄ ከኔ ጋር ከአገር የወጣ ነው። ዲኮሬሽን ነው እንጂ አይሸጥም። ሪተርን ታደርጊዋለሽ» አሉ። ሊሰጡኝ እጃቸውን ዘርግተው እንደገና ያዝ አደረጉት። «ቅል ድንጋይ የሚሰብረው ባገሩ ነው እሺ? እዚህ ከጣልሽው አለቀለት።»

ማክስ ፐርፕል በሚባለው አውቶብስ ላይ ቅሉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት ከበሮ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይደለም፣ የሰው ደረት ማሳረፊያ ነው አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም።

እማማ ቅሉን ሲያዩ አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ተቀብለው አሸተቱት። በጥፍራቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተደፉበት፤ ደረታቸውን አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን አቅፈው፣ አገጫቸውን ጫፉ ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሰውነታቸው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። ዝም ብዬ ሳያቸው ወለሉ፣ ምንጣፉ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ አብሯቸው ከፍ ዝቅ የሚል መሰለኝ፤ ግድግዳውን ያዝኩ። ቡናማው ሶፋ ላይ ያለች አንዲት አሮጊት ከማንም ርቃ በሰፊ ውኃ ላይ ነበረች። ደስታዋ ለእኔም ተረፈ። ስሜቱ እስከ ከሰዓት ቆየብኝ።

ልጅቷ ያን ቀን ከወትሮው ቀድማ ገባች። ቅሉን ስታይ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ማን አምጪ አለሽ?»

«ማንም።»

«ዛሬ ደውለዋል። ክፍል አለ። በወሩ መጨረሻ ትገባለች» አለችና ወደ ቅሉ አመለከተች። «አንቺ ደግሞ ባሕሩን ታስታውሻታለሽ። ምን እያደረግሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

ንዴቴ ቶሎ ነው የሚመጣው፤ የሚሄደውም ቶሎ ነው። «አንቺ ለምን እንደሚገቡ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አውቀዋለሁ።»

«እሱን አይደለም ያልኩሽ። ጠይቀሻቸዋል ወይ ነው።»

አልጠየቀቻቸውም። እንዲህ ያለ ነገር እናት ይጠየቃል? እኔስ እናቴን ምን ጠይቄያት አውቃለሁ? እማማ ከቅሉ ላይ ሳይነሡ ሁለታችንንም ሲያዩ ቆይተው በዝግታ ተናገሩ። ልጅቷ አዳምጣ አዳምጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ወደዚያ ቤት እሄዳለሁ ትላለች። እምቢ አልልም ትላለች። ከመሄዴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከነሙሉ ሰውነቴ ውኃ ውስጥ አስገቢኝ፤ እጄን ያዢኝ ከፈለግሽ፤ ግን ሳልጨርስ አታውጪኝ ትላለች።»

እሑድ ጠዋት ሦስታችንም ከከተማው መዋኛዎች ወደ አንዱ ሄድን። ዋና ልብስ ስለሌለኝ በጥቁር ታይትና በሰፊ ቲሸርት ነበርኩ፤ ሃይማኖቴን የቀየርኩ መሰለኝ። አዳራሹ ሞቃት ነው፤ ድምፅ ሁሉ ጣራው ላይ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ሌሎቹ ሽማግሎች በየጥጋቸው ይንሳፈፋሉ። ዋናተኞቹን የምትጠብቀዋ ወጣት ቅሉን አይታ ወደ ውኃው አይገባም አለች፤ በትሕትና ነው ያለችው። በምትኩ ቢጫ የመንሳፈፊያ ስፖንጅ ሰጠቻቸው። እማማ ስፖንጁን ጨመቅ አድርገው አዩትና መለሱላት። ስለዚህ ቅሉን እኔ ያዝኩት። ደረጃው ላይ እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ተቀምጬ፣ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ። እማማ ዞረው ቅሉ የት እንዳለ አዩ፤ የፈለጉት ይኸው ነበር።

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ውኃው እስከ ደረታቸው ወደሚደርስበት ሄዱ። እማማ ጥቂት ጊዜ ተነፈሱ። ከዚያ ጎንበስ አሉና የሉም።

እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ያዝኩ። ነጭ ፀጉራቸው ከታች ሲበተን ይታየኛል። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። ክንዷ ሲወጠር፣ ልትጎትት ስትል አየሁ፤ ከውኃው ሥር የእማማ ሌላኛው እጅ መጥቶ የልጃቸውን እጅ ቸብ ቸብ አደረገ፣ ሕፃን እንደሚባበል። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ትንፋሼ አልቆ ለቀቅሁት፤ እንደገና ያዝኩ፤ እንደገና ለቀቅሁ። በዚያ በሚያስተጋባ ቤት ውስጥ ከእናቴ ማስጠንቀቂያ በቀር ምንም አልሰማም ነበር።

ወጡ። ያ የማውቀው፣ ወፈር ያለው ፉጨት ጣራውን ነካ። ጠባቂዋ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ እማማ እጃቸውን አውለበለቡላት።

ጥቂት አርፈው እንደገና ወረዱ። አሁን የበለጠ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ወደ ጣራው ነበር፤ አፋቸው በጣም ጠበበና ሌላ ፉጨት ወጣ። ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ መሃሉ ላይ የሚሰበር፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጥያቄ ወደ ላይ የሚነሣ። የወጣት ሴት ነው። በዚያ ሁሉ ወራት አንድ ቀንም ሰምቼው አላውቅም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ፣ ኮሪያኛዋን ትታ፤ ከዚያም በኮሪያኛ። እማማ እየተነፈሱ፣ ውኃውን ከዓይናቸው እየጠረጉ ነገሯት። ልጅቷ ወደኔ ዞራ ማስተርጎም ጀመረች፤ ለማን እንደምታስተረጉም የምታውቅ አልመሰለኝም።

«የመጀመሪያው የራሷ ነው። ሁለተኛው የእህቷ ነው። በሳፋ ውኃ አይመጣም ትላለች፤ በደረቅ አፍም አይመጣም። ሰውነት በሙሉ ወርዶ ትንፋሹ ጥርግ ብሎ ሲያልቅ ብቻ ነው የሚመጣው። ይህን ፉጨት ከሰሙት ሰዎች በሕይወት የቀረሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ ካልወረድኩ ይጠፋብኛል ትላለች።» እማማ አንድ ነገር ጨመሩላት። «የምገባው ለመውጣት ነው ትላለች።»

ከዚያ ልጅቷ እዚያው ውኃው መሃል ቆማ አለቀሰች። «እኔ እኮ እስክታፏጭ ጠብቄያት አላውቅም። ሁለቱንም ጊዜ ልታፏጭ ስትል ነው ጎትቼ ያወጣኋት» አለችኝ። እማማ በርጥብ እጃቸው ፊቷን ጠረጉላት፤ ውኃ በውኃ።

በመኪና ወደ ቤት ተመለስን። ቺኑክ የሚሉት ያ ከተራራው የሚመጣ ሞቃት ነፋስ ተነሥቶ በረዶው በየመንገዱ ይቀልጥ ነበር፤ ከየጣራው ውኃ ይንጠባጠባል። ቀይ መብራት ላይ ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ጥቁሯን ጎማ አወጣች፤ ወደ ኋላ ዞራ በእናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠቻት። እማማ ጣቶቻቸውን ጨበጡባት። በማግሥቱ እኔ አጠገቧ ቆሜ ወደ መኖሪያው ደውላ ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት አለች።

አሁን ውታፏ ከሰንሰለቷ ጋር ገንዳው ላይ ናት። ልጅቷ ወይም እኔ በሩ አጠገብ ካልተቀመጥን እማማ አይገቡም፤ ስምምነቱ እሱ ነው። ባለሱቁ ባዩኝ ቁጥር «ቅሌስ?» ይሉኛል፤ «ገና ባሕር ላይ ነው፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ። ሳይመለስ ቀረ ብለው ለሰው ሁሉ ያወሩብኛል።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት በሰጡኝ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ከላይ የውኃ ድምፅ ሰማሁ። ልጅቷ ዕረፍት ወጥታ ነበርና እሷ ናት አብራቸው ያለችው። ጫማዬን ሳላወልቅ ደረጃው ሥር ቆምኩ። ወፈር ያለው ፉጨት መጣ። ከቆይታ በኋላ ቀጭኑ መጣ፤ መሃሉ ላይ ተሰበረ፤ መጨረሻው ላይ ተነሣ። ከዚያ ብዙ ዝምታ ሆነ። ልወጣ አንድ እግሬን ደረጃው ላይ ሳደርግ ያው ቀጭኑ ፉጨት እንደገና ተሰማ፤ ግን ተኮላሽቶ፣ ግማሹ ሳል ሆኖ፣ መጨረሻው ሳይነሣ ቀርቶ። እማማ ሳቁ። አንዲት ቃል ተናገሩ፤ ስልክ አላስፈለገኝም፣ «እንደገና» ማለታቸው ነው። ልጅቷ ትንፋሽ ስትስብ እስከ ታች ተሰማኝ።

ቅሉ ኮሪደሩ ላይ ነበር። አንሥቼ ታቀፍኩትና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። እናቴ ብትኖርና ብትሰማ፣ ማንን ልትጠሩብን ነው ማለቷ አይቀርም ነበር። ማንን እንደሚጠሩ እነግራት ነበር።